የከሰዓት ፈረቃ

ልጄ በእኔ ላይ አንድ ክስ አላት። የልጅ ልጄን እግር ያሰረው የእኔ አፍ ነው ትላለች። የስፖርት አስተማሪውም ከእሷ ጋር ነው። ክሱ በየእራቱ ሰዓት ሲነሣና ሲወድቅ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ የለም። ልጄ ዲግሪ አላት፤ የሥራ ማመልከቻዋን ግን ያረምሁላት እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ከወገራ ወደ ጎንደር የመጣሁት በእግሬ ነው፤ ሌሊቱ ሲነጋጋ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ ገባሁ። በአንድ ሱቅ ጠራጊ ሆኜ ስቀጠር አንድም ፊደል አልለይም ነበር። ሱቁ ስኳርና ጨው የሚጠቀልለው በጋዜጣ ነበር። ጋዜጣውን እየጠቆምሁ ከየገዢው አንድ አንድ ፊደል ጠየቅሁ፤ "ይቺ ማን ትባላለች?" እላለሁ፣ ነግሮኝ ይሄዳል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ባለ ሱቁ የራሱን ደብዳቤ በእኔ ማስነበብ ጀመረ። ሰዓት መጠገንንም ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ሰዓት ፈትቼ መልሼ ለመግጠም አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለተኛውን በአንድ ቀን ጨረስሁት። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ፣ ከዋርካው ማዶ፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ አርባ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሞላው የተበጠሰ፣ ውኃ የገባበት፣ ሌላው ሠሪ አይሆንም ብሎ የመለሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ዛሬ ሰው ሰዓት የሚያየው ከስልኩ ላይ ስለሆነ ለባትሪና ለማሰሪያ ካልሆነ የሚመጣ የለም። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምናገረው ጊዜ መለካት የማውቅ ሰው መሆኔ እንዲታወቅ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

የልጅ ልጄ ያደገችው በእኔ እጅ ነው። እናቷ አዘዞ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ጠዋት በታክሲ ወጥታ ማታ ትገባለች። አባቷ ከእኛ ጋር የለም፤ ስለ እሱ አልጽፍም። ልጅቱ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ዝምተኛ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። የጎረቤት ልጆች ግቢ ውስጥ ሲንጫጩ በመስኮት ታያቸዋለች እንጂ አትወጣም። እኔም ልጅ ማለት እንዲህ ነው እያልሁ ለሰው አወራ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስትገባ ያቺ ልጅ መጣች። ከአዲ አርቃይ በኩል ከእናቷ ጋር መጥታ ከእኛ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር። እናቲቱ መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ልጅቱ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ፀጉሯ በአጭሩ የተቆረጠ፣ ቁሚ ሲሏት እንኳ በአንድ እግሯ የምትወዛወዝ ዓይነት ነበረች። አስተማሪዋ ከእኛ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጠቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ እየመጣች ትጣራ ጀመር።

"ውጪ እንጂ፣ አንቺ እንቅልፋም።"

"ጫማዬን ልሰር።"

"እየሮጥሽ እሰሪው።"

የእኛዋም ዳቦዋን በአፏ እንደነከሰች ትወጣለች።

በሦስት ወር አንድ አዲስ ጫማ አለቀ። ጉልበቷ ተላላጠ። ዩኒፎርሟ ከብብቱ ሥር ተተረተረ። እራቷን እርፍ ጨብጦ እንደዋለ ሰው ትበላለች፤ ከዚያም ገና ጸሎቷን ሳታደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ግቢያችን ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ተሠመረ፣ የሱዚ ላስቲክ ተዘረጋ። ከአሮጌ ካልሲ በተጠቀለለ ኳስ ፔፕሲ ይጫወታሉ፤ ሁለቱ ከዳርና ከዳር ሆነው ይወረውራሉ፣ መሐል የገባችው ታመልጣለች። በመስኮት ታያቸው የነበሩት የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተሰብስበው፣ የእኛ ልጅ መሐል ገብታ ኳሱን እየጎነበሰች ስታሳልፍ አየኋት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከሁለተኛ ወደ ዘጠነኛ ወረደች።

ዘጠነኛ። እኔ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ላይ ለቅሜ የተማርሁ ሰው፣ የእኔ የልጅ ልጅ ዴስክና መጽሐፍ ቀርቦላት ዘጠነኛ።

እኔ ነገርን በግምት አልፈርድም። አንድ ቅዳሜ ከቤታችን በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር በራሴ እግር ሄድሁ። ቁልቁል ወደ ቀሃ ወንዝ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ወጥቼ ሃያ ሁለት ደቂቃ ወሰደብኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ልጆቹ ግን ቤት የሚደርሱት በሃምሳ ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀንም በአንድ ሰዓት ነበር። ለአሥር ቀን ጻፍሁት። ቀሪው ጊዜ የት እንደሚገባ ለማወቅ አንድ ረቡዕ ኪዮስኬን ዘግቼ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ቆምሁ። የጠዋት ፈረቃ ሲለቀቅ ወጡ፤ ከኋላቸው ተከተልሁ።

ሁለቱ ልጆች ቀጥ ብለው አይሄዱም። ከበሩ እስከ መብራት ምሰሶው ይሮጣሉ፤ ከምሰሶው ተመልሰው እንደገና ይሮጣሉ፤ አንደኛዋ "ሦስት ሳልል ተነሥተሻል" ብላለችና። ቦዩን ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ። የዘለለችው ያልዘለለችውን ትሰድባለች፣ የተሰደበችው ራቅ ካለ ቦታ ተንደርድራ ትዘላለች። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ ሲደርሱ የእኛዋ ቆመች።

"እስከዚያ ጥቁር ድንጋይ እዘይኝ።"

"አንቺ የጤፍ ጆንያ ነሽ፣ ትናንት ወገቤ ተቆርጧል።"

"አጥንትሽ ሲወጋኝ እኔ ምን አልሁ?"

"እሺ ነይ። ስወድቅ ግን አብረን ነው።"

አዘለቻት። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ሁለቱም አቧራው ላይ ወደቁ። አንዲት እንጨት የያዙ ሴትዮ "ምነው እናንተ ልጆች፣ መንገዱን ለሰው ተዉለት እንጂ" ብለው ተቆጡ። ልጆቹ እየሳቁ ተነሥተው እንጨቱን እስከ ዳገቱ አናት ተሸከሙላቸው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ታች ሮጠው ወርደው የወደቀ ደብተር ይዘው ወጡ። ያን ዳገት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወጡት። እኔ ደግሞ ከኋላ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። በዚያ ቀን ለእኔ የታየኝ የባከነ ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያቺ ልጅ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

"እንደምን አደሩ አያ?"

"እግዜር ይመስገን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዳትመጪ።"

"ምነው አያ?"

"ጌታ የሌለው እግር ነው ያለሽ። መንከራተት ካማረሽ ብቻሽን ተንከራተቺ። የእኔ ልጅ ሰው የምትሆን ናት።"

"እሷም እኮ ትሮጣለች" አለች። "ዳገት ላይ እኔን ትቀድመኛለች።"

ይህን ያለችው ልታመሰግናት ነው። እኔ ግን መልስ መስጠቷ አናደደኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እናትሽ ልጅ ማሳደግ ካላወቀች ወደ አገርሽ ትመልስሽ አልሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ልጅቱ ፊቷ ቀላ፣ ዞራ ሄደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስትራመድ አየኋት። የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዳቦዋን መልሳ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። እናቲቱም በዚያው ቀን ሰምታ ኖሮ፣ በመደቧ አጠገብ ሳልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ይህ አልበቃኝም። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ስለበዛበት ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት በፈረቃ ያስተምራል። የዳይሬክተሩን የአባቱን ሰዓት፣ ሦስት ሠሪ ያቃተውን፣ የጠገንሁለት እኔ ነኝ። ቢሮው ገባሁና ሁለቱን ለይልኝ አልሁት።

"ሴክሽን ልቀይርላት?"

"በእረፍት ይገናኛሉ። ፈረቃ ቀይርልኝ።"

ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። የከሰዓት ተማሪ ወደ ማምሻው ነው የምትለቀቀው፤ ዘመኑ ደግሞ ልጅን ብቻዋን መንገድ ላይ የሚለቁበት ስላልሆነ ባጃጅ በኮንትራት ያዝሁላት። ከበር ይወስዳታል፣ በር ላይ ያወርዳታል። ስምንት ደቂቃ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለተኛ ወጣች። ካርዷን ከኪዮስኬ መስታወት በስተውስጥ ለጥፌ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው አደረግሁ፤ ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም እንዴት እንዳደረግሁት ነገርሁ። ከፀዳ ድረስ መጥቶ "ልጄን ምን ላድርጋት" ብሎ ያማከረኝ ሰው አለ። መክሬ ሰደድሁት።

በአምስተኛ ክፍል ግን የልጅ ልጄ እንደገና ወደ መስኮቱ ተመለሰች። በፊት የምታየው የልጆችን ጫጫታ ነበር፤ አሁን ልጆቹም የሉም፤ ያቺ ከቀረች ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የሚሰበሰብ ጠፍቷል። ጠዋቱን ሙሉ ቤት ትውላለች፣ በባጃጅ ትሄዳለች፣ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች፣ በባጃጅ ትመለሳለች። ፊቷ ሞላ፣ ወገቧ ሰፋ። እሑድ ለቅዳሴ ወደ ሥላሴ ስንወጣ መንገድ ዳር ድንጋይ እየፈለገች ታርፋለች። እኔ በሰባ ሁለት ዓመቴ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

በዚያው ዓመት የስፖርት አስተማሪው የሰዓት ማሰሪያ ሊያስቀይር ኪዮስኬ መጣ። ወጣት ነው፤ የደምቢያ፣ የቆላ ድባ ልጅ። ማሰሪያውን እያስገባሁ ሳለሁ ወሬ ጀመረ።

"አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ያማታል እንዴ?"

"ጤነኛ ናት። ሁለተኛ ናት።"

"በእኔ ክፍለ ጊዜ ከግንቡ ሥር ነው የምትውለው። ተነሺ ስላት ትነሣለች፣ ዞር ስል ትቀመጣለች።"

"ስፖርት ትምህርት ነው እንዴ?"

አልተቆጣም። "አምና በጠዋት ፈረቃ ሳለች ከሴቶቹ ሁለተኛ ሯጭ ነበረች" አለኝ። "ያቺ የአዲ አርቃይዋ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ፤ አንዳንዴም እሷ አንደኛ። እኔ ፊሽካ እነፋለሁ እንጂ አላስሮጣቸውም። ልጅ የሚሮጠው ከጓደኛው ጋር ነው። ጓደኛው ሲቀመጥ ይቀመጣል፣ ጓደኛ ሲያጣም ይቀመጣል።"

"እኔን ማን አስሮጠኝ?" አልሁት። "ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር በአንድ ቀን የገባሁት ጓደኛ ስቦኝ ነው?"

"ብቻዎን ነበሩ?"

"ብቻዬን ነበርሁ።"

ማሰሪያውን አስሮ፣ አመስግኖ ሄደ። ብቻዬን አልነበርሁም። ይህን ለአስተማሪው አልነገርሁትም፤ እዚህ ወረቀት ላይም ሲጀመር አልጻፍሁትም። አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ እኩያዬ፣ አብሮኝ ነበር። ጉልበቴ ሲዝል "አንተ የሴት ልጅ፣ ከተማ የምትገባው በቃሬዛ ነው?" እያለ ይቀድመኛል፤ በንዴት ተነሥቼ እቀድመዋለሁ። እንዲያ እየተሰዳደብን ነው የገባነው። እሱ በከተማው ሥራ አጥቶ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ እኔ ሱቁ ውስጥ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ በሩ ላይ ተሰናበተኝ። ታሪኬን ለሰው ሳወራ ከመንገዱ ላይ ያወጣሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

የአስተማሪው ንግግር ከነከነኝ። ማንም ያላስተማረኝን ያህል ነገር ለራሴ ያስተማርሁ ሰው፣ አንዲት ልጅ ማስሮጥ አያቅተኝም አልሁ። ጠዋት ጠዋት ይዣት ወደ ቀሃ እወርዳለሁ። ሰዓቴን እይዛለሁ። ሩጪ ስላት ትሮጣለች፤ ቁሚ ስላት ትቆማለች። እምቢ አላለችኝም። ግን የምትሮጠው የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እስካስቀምጠው ብሎ። ሦስት ሳምንት ሞከርሁ። ከዚያ ገመድ ገዛሁ። አንዱን ጫፍ ከበሩ ምሰሶ ጋር አሰርሁ፣ ሌላውን እኔ ይዤ አዞርሁ። ሦስት ጊዜ ዘለለች። አራተኛውን ከመዝለሏ በፊት ቆማ አየችኝ።

"አባባ፣ ስንት ነው የምዘለው?"

"የፈለግሽውን ያህል።"

"እንግዲያው በቃኝ" ብላ ገባች። ገመዱን እጄ ላይ ጠቅልዬ ብቻዬን ቀረሁ።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ገመዱን ምሰሶው ላይ አየችው። ነጭ ገዋኗን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ።"

"ማንን?"

"ልጅቱን ነዋ።"

"እኔ ሕፃን ይቅርታ ልጠይቅ?"

"የሰደብሃት ሕፃን ሆና ሳለ ነው።"

ይህን በቀላሉ የምሰማ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የልጅ ልጄ ነገር እያሳሰበኝ ስለነበር፣ ነገሩን እንደ ወጉ ለመጨረስ ወሰንሁ። በእኛ አገር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ከገባ በኋላ የማይበርድ ጠብ የለም። የንስሐ አባታችንንና አንድ ጡረተኛ ወታደር ጎረቤቴን ላክሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብተው ተነጋገሩና አስጠሩኝ። የልጅ ልጄን አዲስ ቀሚስ አስለብሼ ይዣት ሄድሁ። ዕርቁን በዓይኗ ብታይ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አግዳሚው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈዋል። እናቲቱ ቆማ ነው የተቀበለችኝ።

"ይቀመጡ አያ፣ ቤት ያፈራውን እንቀምሳለን።"

"ምንም አትቸገሪ።"

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ጀመሩ። ሰይጣን መካከል ገብቶ ነበር፣ አሁን ወጥቷል፣ ጎረቤት ከዘመድ ይበልጣል አሉ። እናቲቱም "አያ ትልቅ ሰው ናቸው። አፍ ነው፣ ያመልጣል። ይቅር ለእግዜር" አለች።

"እኔም ይቅር ብያለሁ" አልሁ።

ይቅር ያልሁት ምኑን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወታደሩ ግን "ልጅቱስ? ዋናዋ እሷ አይደለች?" አለ። እውነቱን ነው፤ ዋናዋ እሷ ነበረች። ከውጭ ጠሯት። እያለከለከች ገባች፤ ፊቷ አቧራ፣ አንድ ጫማዋ በእጇ።

"ነይ፣ የአያን ጉልበት ሳሚ" አለች እናቷ።

"ምነው እማ፣ ምን አደረግሁ?"

"ታናሽ ታላቁን ሲያስቀይም ጉልበት ይስማል። ሳሚ።"

ልጅቱ በሩ ላይ የቆመችውን የእኛን ልጅ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተንበረከከችና ሁለቱንም ጉልበቴን ሳመች። እኔ ራሷን ዳስሼ "እደጊ፣ ተባረኪ" አልኋት። የንስሐ አባታችን አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ፣ አራት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበን የተሰደበችውን ልጅ ሰዳቢዋ እግር ሥር እንዳንበረከክናት አላስተዋለም። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ታናሽ ይጎነበሳል። ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ እጄን አልያዘችም።

በስድስተኛ ክፍል ፈረቃዋን መለስሁላት። ባጃጁንም አስቀረሁ። ያቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ ግን አትጣራም። በሩ አጠገብ ቦርሳዋን በሁለት ትከሻዋ አንግታ ትቆማለች። የእኛዋ ትወጣለች፣ ጎን ለጎን ሆነው ይወርዳሉ። ከበሩ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ለቅሶ እንደሚደርሱ ሰዎች ቀጥ ብለው፣ ረጋ ብለው ይሄዳሉ። እናቷ "ከአያ ልጅ ጋር ስትሄጂ እንዳታስሮጫት፣ እንዳታስወድቂያት" ብላ አስጠንቅቃት ኖሯል። አንድ ቀን ራሴ ጠርቼ ነገርኋት።

"ሩጡ እንጂ፣ ተጫወቱ። ፈቅጃለሁ።"

"እሺ አያ" አለችና እስከ ጥጉ ድረስ ሮጠች። እዚያ ስትደርስ ዞር ብላ ማየቴን አረጋግጣ ቆመች።

በሁለተኛው ወር ያቺ ልጅ ሌሎች ሦስት ጓደኞች አበጀች። ከማዶው ሰፈር ይመጣሉ፤ ድልድዩ ላይ ተገናኝተው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሮጡ ጩኸታቸው እኛ በር ድረስ ይሰማል። የእኛዋ ከኋላ ትከተላለች። አንድ ቀን እራት ስንበላ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት።

"ምነው ከእነሱ ጋር አትሮጪም?"

"እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ።"

"ታርቀናል እኮ።"

"እናንተ ናችሁ የታረቃችሁት።" ሳህኗን ገፋ አደረገችው። "ጉልበትህን ስትስም ሳቅሽብኝ አለችኝ። አልሳቅሁም አባባ። እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።"

"እንግዲያው ሄጄ እኔ እነግራታለሁ። አልሳቀችብሽም እላታለሁ።"

"አትሂድ" አለች። "ደግሞ ሽማግሌ ልትልክ ነው?"

እናቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። እኔ ወደ ሳህኔ አጎነበስሁ።

ዘንድሮ በበጋ ትምህርት ቤቱ በክፍሎች መካከል የሩጫ ውድድር አደረገ። አስተማሪው ራሱ መጥቶ ጠራኝ። ሜዳው ዳር ወላጆች ቆመዋል፤ በዓይኔ የልጅ ልጄን ፈለግኋት። ከሚሮጡት መካከል አልነበረችም። ከመነሻው መሥመር ትንሽ ወጣ ብላ፣ በክንዷ ላይ አራት ሹራብ ታቅፋ ቆማለች። ያቺ ልጅና ሦስቱ ጓደኞቿ ለሩጫው ሲሰለፉ እያወለቁ የሰጧት ነው። ወደ እሷ ሄድሁ።

"አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ። አንቺ ግቢ።"

"ስሜ አልተጻፈም።"

"አስጽፋለሁ። ዳይሬክተሩን አውቀዋለሁ።"

"አባባ፣ ተወው" አለችኝ በለሆሳስ። "ይኸን ስይዝላቸው ነው አብሬያቸው እንድቆም የሚፈቅዱልኝ።"

ፊሽካው ተነፋ። ሮጡ። ያቺ ልጅ ከሁሉ ቀድማ፣ ከኋላዋ የሚመጣ ሳይኖር ገባች። ሰው አጨበጨበ፤ የእኛዋም ሹራቦቹን በብብቷ ይዛ አጨበጨበች። ልጅቱ እየሳቀች ሹራቧን ልትወስድ መጣች። እኔን ስታይ ሳቋን ዋጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አንገቷን ደፋች።

"እንደምን ዋሉ አያ?"

"ሸጋ ሮጥሽ" አልኋት።

"እግዜር ይስጥልን" አለችኝ። ከልጅ ልጄ ክንድ ላይ የራሷን ሹራብ መርጣ ሳበችና፣ ፊቷን ሳታያት ወደ ጓደኞቿ ሄደች። የልጅ ልጄ የቀሩትን ሦስቱን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረቻቸው።